ግማሹ የታከመ ውሻ

በእኛ አገር ውሻ የሚታከመው በመድኃኒት አይደለም፤ በሽማግሌ ነው። መድኃኒቱ የሚገባው ሽማግሌው ከጨረሰ በኋላ ነው… ያውም ሽማግሌው ከጨረሰ!

«ኧረ አታጋንን!» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንግዲያው በደርግ ጊዜ፣ በዚያች እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ከደጃችን ሾላ ሥር የነበሩትን አንድ በአንድ ልጥራላችሁና ኋላ ከእነሱ ጋር ተከራከሩ።

አባቴ ጥሩነህ ነበሩ፤ ድንጋዩ ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው። መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ፣ ነጭ ጭራቸውን እንደያዙ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ካሴ ነበረ፤ የከብት መድኃኒት መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ «አውርደው» ቢሉትም እምቢ ብሎ። ጎረቤታችን አያ አላምረው ነበሩ፤ ከሁሉም ራቅ ብለው፣ ምክንያቱም ውሻችን ባታቸውን ቀምሶ ያውቃል። እናቴ እናኑ ነበረች፤ ከአጥሩ ውስጥ። ከወንዶቹ ጋር አልተቀመጠችም፤ ድምፅዋ ግን ከሁላችንም መሀል ተቀምጦ ነበር። እኔ ይሁኔ ነበርሁ፤ ውሻውን ይዤ። በመጨረሻም ተከሳሹ… ውሻው ራሱ፣ «ያልፋል» ነበረ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልና እመለሳለሁ። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። አባቴ ከአያ አላምረው ጋር በአጥር ተጣልተው በነበረበት ወራት ቡችላውን «ያልፋል» አሉት፤ ማታ ማታ ከአጥሩ ሥር ቆመው «ያልፋል! ና ያልፋል!» ይሉ ነበር፤ አያ አላምረው እንዲሰሙ። ጠቡ አለፈ፤ ስሙ ቀረ። ኋላ አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ስሙ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጓድ ካሴ አንድ ቀን አባቴን አስቁሞ፣ «ጓድ ጥሩነህ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያልፈው?» ቢላቸው፣ አባቴ ወደ ሰማይ አንጋጠው «ክረምቱ» ብለው ነው የዳኑት።

አሁን ደግሞ «ለአንድ ውሻ ይኼ ሁሉ ሸንጎ ምን አመጣው?» ትሉኛላችሁ። ያመጣው ቁንጫ ነው። ቁንጫውን ነገር ያደረገው ደግሞ የእኔ ልብ ነው።

ቡሬ ገበያ ላይ ዛላ በርበሬ የምትሸጥ ልጅ አይቼ ነበር። አትጠገብ ትባላለች። ስጠጋ በርበሬው አስነጠሰኝ። «ይማርህ» አለችኝ። «ያኑርሽ» አልኋት። በቃ፤ ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ይኼ ጨዋታ አይባልም፤ ለእኔ ግን በዚያ ዓመት ከሰው ጋር ካደረግሁት ንግግር ሁሉ ረጅሙ ነበር። በሚቀጥለው ገበያም ሄጄ አስነጠስሁ። በሦስተኛው ገበያ ሳላስነጥስ «ይማርህ» ስትለኝ፣ ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝና ለአባቴ ሽማግሌ ላኩልኝ አልኋቸው።

አባቷ አያ ደሴ ከቡሬ ወዲያ ያሉ፣ ትውልዳቸው ከአገው የሆነ፣ በሁለት ቋንቋ የሚያስቡና በሁለቱም ቶሎ የማይወስኑ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ «ልጅ ከመስጠቴ በፊት ቤቱን በዓይኔ አያለሁ። ሚካኤል ይለፍና እመጣለሁ» አሉ። እኒህ ሰው አንዱን ጠያቂ «በረትህ ጨቅይቷል» ብለው፣ ሌላውን «ጠላህ ውስጥ ዝንብ አየሁ» ብለው የመለሱ ናቸው። በእኛ ቤት ደግሞ ዝንብ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ቁንጫ ነው!

የቁንጫው ምንጭ ያልፋል ነበረ። መዥገሩማ ጆሮው ውስጥ እንደ ጉሎ ፍሬ ተደርድሮ ነበር። ቁንጫው ግን በአንድ ቦታ አይደረደርም፤ ቀን ከውሻው ይውላል፣ ማታ ከእኛ ጋር ያድራል።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን የከብት ሐኪሙ ከፍኖተ ሰላም በሞተር ሳይክል መጥቶ የማኅበሩን ከብት ሁሉ የመዥገር መድኃኒት ረጭቶ ነበር። ጥቂት መድኃኒት ተረፈ። መርጫው ሰኞ ጠዋት ወደ ፍኖተ ሰላም መመለስ ነበረበት፤ ስለዚህ ያልፋል ይረጫል ከተባለ ያችው እሑድ ብቻ ነበረች። ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ለሁላችንም በግልጽ ነግሮናል። «ለውሻ ከሆነ ከከብቱ ይልቅ አቅጥኑት። ዓይኑንና አፉን አይንካ። እስኪደርቅ እንዳይልሰው ያዙት። ከረጫችሁ ደግሞ ሙሉውን ርጩ፤ ማደሪያውንም ጠርጋችሁ አቃጥሉ» ብሎናል። ሰማን። ሁላችንም ሰማን። እኔ እንዲያውም በልቤ ደጋግሜ አጠናሁት። መስማትና መስማማት ግን በእኛ አገር ጎረቤታሞች እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።

«አይረጭም!» አሉ አባቴ፣ ገና መሪጌታ ሳይቀመጡ።

«ይረጫል!» አለች እናቴ ከአጥር ውስጥ።

«ቁንጫ የሌለው ውሻ ይተኛል! እስቲ ንገሩኝ፣ ያልፋልን ማን ነው የሚቀሰቅሰው? እኔ አልቀሰቅሰው፣ ዶሮ አይቀሰቅሰው። ቁንጫው ነው! ነከስ ያደርገዋል፤ ብድግ ይላል። ብድግ ሲል ጅቡን ያያል። ሲያየው ይጮኻል። ቁንጫውን አውጡና ጅቡን በስሙ ጥሩት!» አሉ አባቴና በከዘራቸው ወደ ጎረቤታችን ጠቆሙ። «የአላምረው ውሻ ምን ሆነ? በግራዋ ቅጠል አሽተው አጠቡት፤ ደላው፤ ለጥ ብሎ ተኛ። ጅብ መጥቶ አህያውን በላው!»

«ኧረ አያ ጥሩነህ፣ አህያው እኮ ቀድሞ ሞቶ ነበር!» አሉ አያ አላምረው።

«ቢሞትስ? ውሻው በምን አወቀ!»

ይኼ ነገር እስከ ዛሬም መልስ አልተገኘለትም።

«አንቱ ሰውዬ!» አለች እናቴ። «ጅብ ቢመጣ የሚበላው አህያ ነው። ይኼ ቁንጫ ግን የልጄን ትዳር ሊበላው ነው! አያ ደሴ ያን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መደባችን ላይ ቁጭ ሲሉ ምን ልበላቸው? ‹ይጫወቱ፤ አብረውዎት የሚጫወቱም አሉ› ልበላቸው?»

ጓድ ካሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ጓድ ካሴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እንደማይጨርስ ስለምናውቅ ሁላችንም ተደላድለን ተቀመጥን።

«ጓዶች! መዥገር ማለት ምንድን ነው? ሳያርስ፣ ሳይዘራ፣ ሳያጭድ፣ የሌላውን ደም መጥጦ የሚወፍር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ከዚህ አገር ጠራርገን አስወጥተናል ብለን ነበር። ለካስ ያልፋል ጆሮ ውስጥ ተደብቋል! ጓዶች፣ መሬት ላራሹ ካልን፣ ደምም ለውሻው ነው!»

ብሎ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ያኔ የተጀመረ ጭብጨባ ተከትለው ይጨርሱታል እንጂ መንገድ ላይ አይተዉትም። አባቴ እንኳ ከዘራቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ።

መሪጌታ ጥበቡ ጭራቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ነሰነሱ። «ልጄ ካሴ፣ ኖኅ ውሻን ወደ መርከብ ሲያስገባ ‹ቁንጫህን አራግፈህ ግባ› አላለውም። ቁንጫውም አብሮ ተሳፍሯል። ተሳፍሮም ከጥፋት ውኃ ተርፏል። አንተ በአንዲት መርጫ ልትጨርሰው ነው?»

«እና አንቱ ከማን ወገን ነዎት?» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ከአጥሩ በላይ ከፍ ብሎ።

«ከእውነት ወገን ነኝ። እውነት ደግሞ መሀል ላይ ናት።»

አንባቢዬ ሆይ፣ የጎጃም ሽማግሌ «መሀል» የምትለዋን ቃል ካወጣ ንብረትህን ሰብስብ! ሁለት ሰዎች በአጥር ቢጣሉ አጥሩን መሀል ያደርጉታል። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት በቅሎ ቢጣሉ «አንተ በገበያ ቀን፣ አንተ በበዓል ቀን» ይሉና በቅሎዋን ዕረፍት ያሳጧታል። እርቅ የሚባለው ሁለቱም ወገን እኩል ሲከፋው ነው።

«ጥሩነህም እውነት አለው» አሉ መሪጌታ። «እናኑም እውነት አላት። ስለዚህ ግማሹ ይረጭ።»

«የመድኃኒቱ ግማሽ?» አለ ጓድ ካሴ።

«የውሻው ግማሽ።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ማንም አልሳቀም። አባቴ በረጅሙ ተነፈሱ። አያ አላምረው፣ «እንዲህ ነው እንጂ ዳኝነት!» ብለው ጭናቸውን መቱ። እኔም ብሆን በዚያች ደቂቃ ነገሩ ቀና ያለ መስሎ ነበር የታየኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የትኛው ግማሽ የሚለው ብቻ ነበር።

«ፊቱ ይረጭ» አሉ አያ አላምረው። «እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ፊቱን ነው።»

«ኋላው ይቅርልኝ» አሉ አባቴም። «ቁንጫው ከኋላ ሲነክሰው ወደ ፊት ይሮጣል። ወደ ፊት ሲሮጥ ሌባውን ያገኘዋል። ከፊት ቢነክሰው ግን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሚሸሽ ውሻ ምን ይሠራልኛል?»

«ይሁኔስ ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ። «ውሻውን የያዘው እሱ፣ ሚስቱን የሚያገባው እሱ…»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ ለመናገር ጊዜ እፈልጋለሁ፤ ቃሉን ከልቤ ወደ አፌ ሳመጣው መንገድ ላይ ያርፋል። «ቁንጫ…» አልሁ። ልል የፈለግሁት «ቁንጫ ይዘላል እኮ» ነበር። ጓድ ካሴ ግን አልጠበቀኝም።

«ጥሩ! ጓድ ይሁኔም ደግፏል። ተቃውሞ ያለው?» የለም። «ድምፀ ተዓቅቦ?» ያልፋል አዛጋ። «አንድ ድምፀ ተዓቅቦ። በዚሁ ጸድቋል!»

ከዚያ ጓድ ካሴ ቤቱ ሄዶ ገመድ ይዞ መጣ፤ የመሬት ድልደላ ሲሆን ማሳ የሚለካበትን ያንኑ ገመድ። ከአፍንጫው ጫፍ ጀምሮ ያልፋልን እንደ ጋሻ መሬት ለካው። ጀርባው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጭራው በልኬት ይገባል?»

አያችሁልኝ ነገር! ጭራው ከተቆጠረ መሀሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብዙው ውሻ ይረጫል። ካልተቆጠረ መሀሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ብዙው ውሻ ለቁንጫው ይቀራል።

«ይቆጠር!» አለች እናቴ።

«አይቆጠርም! ጭራ ጌጥ ነው እንጂ አካል አይደለም!» አሉ አባቴ።

«ጌጥ ከሆነ ይቆረጥ!»

«የጭራው ግማሽ ይቆጠር» አሉ መሪጌታ፣ የራሳቸውን ጭራ እየነሰነሱ።

እንዲሁ ሆነ። መሀሉ ሲገኝ፣ በማሳ ቢሆን የወሰን ድንጋይ ይቀመጥ ነበር፤ ውሻ ላይ ግን ድንጋይ አይቆምም። እናቴ አሮጌ መቀነቷን በአጥሩ በላይ ወረወረችልንና ወገቡ ላይ አሰርንለት። ከመቀነቱ ወዲህ የመድኃኒት፣ ከመቀነቱ ወዲያ የቁንጫ። እኔ መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዳለው አቀጠንሁ፤ ዓይኑንና አፉን በጨርቅ ሸፈንሁ፤ ከተረጨም በኋላ እንዳይልሰው እስኪደርቅ አቅፌው ዋልሁ። ሐኪሙ ያለንን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጸምን… «ሙሉውን ርጩ» እና «ማደሪያውን አቃጥሉ» ካለን በቀር።

በማግስቱ መዥገሩ ከጆሮው ይረግፍ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ያልፋል ፊት እንደ ሙሽራ ፊት ሆነ! ከፊት ስታዩት የባላባት ውሻ ነው፤ ከኋላ ስታዩት የመንገድ። ቁንጫው ግን የት ሄደ? ከመቀነቱ ወዲህ የነበረው ሁሉ ከመቀነቱ ወዲያ ሄዶ ሰፈረ። ያለ አንዲት የጭነት መኪና፣ ያለ አንድ ካድሬ ቅስቀሳ የተካሄደ ሰፈራ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም!

ምስኪኑ ያልፋል ኋላው ሲነክሰው ኋላውን ለመያዝ ይዞራል፤ እንደ ወፍጮ ይዞራል። መተኛት ቀረ። ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል፤ በጥላው ይጮኻል፤ አውራ ዶሮው እስኪደነግጥ በአውራ ዶሮው ይጮኻል። «አላልኋችሁም? አይተኛም!» ይላሉ አባቴ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይናቸው እየሳቁ። እኛም አልተኛንም።

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። እናቴ ቤቱን በእበት ለቀለቀች። ለክብር መቀመጫ የሚሆነውን ነጩን የበግ አጎዛ አጥባ አበጥራ ደጅ ሣሩ ላይ አሰጣችው። ያልፋል አጎዛውን አየው። ለስላሳ ነው፤ ይሞቃል። የታመመ ግማሹን አምጥቶ አሳረፈበትና፣ ጌታዬ፣ ከዳር እስከ ዳር ተንፏቀቀበት! እናቴ «ክላ! አንተ ርጉም!» ብላ አባረረችው፤ አጎዛውን ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፋ አስገባችና መደቡ ላይ አነጠፈችው። አራግፋ… እናንተው ፍረዱ።

አያ ደሴ ከወንድማቸው ከአያ በላይ ጋር በቀትር ገቡ። ጋቢያቸው እንደ ጥጥ አበባ ነጭ ነበር። ሁለቱም ከአጎዛው ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው አባቴ፣ መሪጌታ፣ አያ አላምረው። ጓድ ካሴም ነበር፤ ያለ እሱ ዕውቅና ከሦስት ሰው በላይ መሰብሰብ አይወደድም ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ጠላ እቀዳለሁ። እናቴ ጓዳ ሆና ዶሮ ወጧን እያማሰለች በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች።

አንድ ሕግ ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ። በእኛ ዘንድ ቁንጫ ከማን ቤት እንደመጣ አይጠየቅም፤ ቀድሞ ያከከ ባለቤቱ ነው። በአማች ፊት ደግሞ የሚያክ ሰው የለም። ሰው በአማች ፊት እንኳን ሊያክ እንደልቡ አያስልም!

«አዝመራው እንደምን ነው?» አሉ አባቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከብቱስ?»

«ይመስ…» አሉ አያ ደሴና ቀጥ አሉ። የቀኝ ትከሻቸው ወደ ጆሮአቸው ከፍ አለ። ትንሽ ቆየ። ወረደ። «…ገን።»

አባቴ አዩ። አባቴ ማየታቸውን እኔ አየሁ። ወዲያው የአባቴ ግራ እግር ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ዘንድሮ በርበሬው…» አሉ አያ በላይ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ከንፈራቸውን ነከሱ። አያ አላምረው «ወገቤን ይዞኝ ነው» ብለው ተነስተው ምሰሶውን ተደገፉ፤ ተደግፈውም ቀስ ብለው ወደ ላይ፣ ቀስ ብለው ወደ ታች ማለት ያዙ። መሪጌታ ዝንብ በሌለበት ጭራቸውን በአንገታቸው በኩል ወደ ጀርባቸው ሰደዱት። ያን ጊዜ አያ ደሴ ጭራውን ያዩበት አስተያየት… ሰው የተነጠቀ ርስቱን እንኳ እንደዚያ አያይም!

«በሬዎቹን ብታዩዋቸው…» አሉ አባቴ።

«እንያቸው!» ብለው ሁለቱም እንግዶች እንደ ጎረምሳ ዘለው ተነሱ።

ደጅ ስንወጣ ያልፋል መጣ። በፊቱ መጣ፤ እግዜር ይስጠው። አያ ደሴ ቆም ብለው አዩት። «እንዴት ያለ ንጹሕ ውሻ ነው! ጆሮውን እይ በላይ፤ አንዲት መዥገር የለችበትም! ውሻው እንዲህ የሆነ ቤት ሰዉ ምን ሊሆን ነው!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው መቀነቱ ላይ አረፈ። «ይቺስ ምንድን ናት?»

«ወሰን ናት» አለ ጓድ ካሴ ሳያስበው።

«የምን ወሰን?»

«ሆዱን አሞት ነው!» አሉ አባቴ። «ስንታጠቅ እሱንም እናስታጥቀዋለን።»

ያልፋል ይኼን ሲሰማ፣ ወይም ሳይሰማ፣ ዞረና ኋላውን በአያ ደሴ ጋቢ ላይ ከላይ እስከ ታች አሸው።

ወደ ቤት ተመለስን። ሁለቱ ወንድማማቾች አንገታቸውን አቀራርበው በአገውኛ አንሾካሾኩ። አጭር ነገር ነበር፤ ከእኛ ወገን የገባው ሰው አልነበረም፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ነበር። ከጓዳ የእናቴ ድምፅ ሲቃ ይዞት ተሰማኝ፦ «አለቀልን…»

መሪጌታ ድርድሩን ከፈቱ። ሁለቱ ቤት ለልጆቹ መቋቋሚያ የሚያወጣው ከብት፣ ማጫው፣ በእኛ አገር ከመኸር እስከ ጾም መያዣ ያጨቃጭቃል።

«እኛ አንዲት ጊደር…» አሉ አባቴ።

«ደግ ነው!» አሉ አያ ደሴ። «እኛም ጊደር፤ ወይፈንም እንጨምራለን።»

«እኛም ወይፈን!»

«በጎችም!»

«በጎችም! ይበቃል!»

«ይበቃል! ቀኑንም አንቱ ቁረጡት!»

«አንቱ ባሉት ይሁን!»

አያ አላምረው ምሰሶውን እንደ ታቀፉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ለራሳቸው ልጅ ማጫ ሲደራደሩ ሁለት ሽማግሌ ሞቶባቸዋል።

«እንግዲህ ለጸሎት እንነሳ» አሉ መሪጌታ። መሪጌታ ሲመርቁ ጠላ ይሻግታል ይባል ነበር። ሁላችንም ቆመን አቀረቀርን፤ ዓይናችንን ጨፈንን። «አቡነ ዘበሰማያት…» ብለው ጀመሩ። በዚያ ጸጥታ መሀል አንድ ድምፅ ተሰማ።

ከርር… ከርር… ከርር።

ያ ድምፅ ጥፍር ከቆዳ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። መሪጌታ ጸሎቱን ጨርሰው «ይባርክ፤ አሜን» አሉ። በሕይወታቸው አጭሩ ምርቃት ይኼ ነው። ቀና ስንል ማንም ማንንም አላየም።

እንግዶቹም ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ «መሽቶብናል» ብለው፣ ፀሐይ ገና ከአናት ሳትወርድ፣ በፍጥነት ወጡ። እናቴ ድስቷን እንደያዘች ተቀመጠች። «አፋቸው ‹እሺ› አለ፤ እህላችንን ግን አልቀመሱም። እህል ያልቀመሰ አማች አማች አይባልም። ልጄን በቁንጫ አስበላሁት!» ብላ አለቀሰች። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጅብ ምንም አላሉም።

በሚቀጥለው የቡሬ ገበያ መልእክት መጣ። «ቃላችን ቃል ነው፤ ሠርጉን አዘጋጁ። ብቻ አደራ፣ የሆነውን ለማንም አትንገሩብን» ይላል። ተያየን። እኛ በእነሱ ላይ ምን እንናገራለን? አባቴ መልሰው መላልሰው አሰቡበት፤ አልተገኘም። ሠርጉ ተሠርጎ፣ አትጠገብ ቤቴ ገብታ፣ ከ«ይማርህ» ያለፈ ንግግር ስንጀምር ነው የነገረችኝ።

«አባባ ያን ቀን ቤት እንደደረሰ ጋቢውን ደጅ ጣለው» አለችኝ። «ለእማማ፣ ‹የውሻችንን ቁንጫ በጋቢዬ ተሸክሜ ሄጄ የጨዋ ሰው ቤት አረከስሁ። ሰዎቹ ሲነከሱ እያየሁ፣ እነሱ ግን እንዳልተነከሱ ሆነው አከበሩኝ። አገር ሳይሰማ ልጂቱን እንስጣቸው› አላት።»

«ያ በአገውኛ የተንሾካሾኩትስ?»

«‹እንዳታክ፤ የእኛው ነው› ተባብለው ነዋ!»

አትጠገብ ይኼን ነግራኝ ዝም አላለችም። በሳምንቷ ያን መቀነት ፈታች፤ ግራዋ ቀጥቅጣ ያልፋልን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ፣ ግማሽ ሳትል፣ አጠበችው፤ ማደሪያውን ጠርጋ አቃጠለች። ሽማግሌ አልጠራችም። ያልፋል ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ። በሦስተኛው ጅብ ወደ በረቱ ቢጠጋ ተነስቶ እስከ ወንዙ አባረረው። አባቴ ግን እስከ ዛሬ አልተረቱም። «አንዲት ሳትቀርበት አትቀርም» ይላሉ።

እንግዲህ እኔ የማስታውሰው ይኼን ያህል ነው። መሪጌታ፣ ካሴ (አሁን «ጓድ» ሲባል ፊቱን ያዞራል)፣ አያ አላምረው፣ አያ በላይ፣ ከዚያ ቤት የነበራችሁ ሁሉ፣ የዘለልሁት ካለ ጨምሩልኝ፤ የጭራው ልክ ላይ ተሳስቼ ከሆነም አርሙኝ። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ነገር ጎድላኛለች። በጸሎቱ መሀል ቀድሞ ያከከው ማን ነበር? ያየ ካለ ይናገር፤ ቁንጫው የማን እንደነበረ በዚያ ይታወቃል። እኔ እንኳ አልችልም፤ አቀርቅሬ፣ ዓይኔንም ጨፍኜ ነበር። እጄማ… እጄ ሥራ ላይ ነበረች።